ያልነካችሁት ኮድ እንዳይበላሽ፦ የውጭ ላይብረሪዎችን በሥርዓት መያዝ

ባለፈው ሳምንት ያለ ምንም ችግር ቢልድ የሆነው ፕሮጀክት ዛሬ እምቢ ይላል። ከኮዱ አንድ መስመር አልተነካም፤ ጊት ላይም አዲስ ኮሚት የለም። ወይም እናንተ ጋ የሚሠራው የሥራ ባልደረባችሁ ላፕቶፕ ላይ አልሠራ ይላል፤ አለዚያም ሰርቨር ላይ ሲጫን ብቻ ይወድቃል። እንዲህ ሲሆን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው እናንተ በጻፋችሁት ሳይሆን ከውጭ ባመጣችሁት ውስጥ ነው። በአንድ አፕሊኬሽን ውስጥ በገዛ እጃችሁ የጻፋችሁት ጥቂቱን ነው። የቀረውን የጻፉት የማታውቋቸው ሰዎች ናቸው፤ ቢልድ ስታደርጉም ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ሌፍት ፓድ የተባለውን 11 መስመር ብቻ ያለው ፓኬጅ ባለቤቱ የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች መዝገብ ከሆነው ከኤንፒኤም አነሣው። የፓኬጁ ሥራ የአንድን ጽሑፍ ግራ ጎን በባዶ ቦታ ወይም በዜሮ መሙላት ብቻ ነበር። ነገር ግን ባቤልን የመሰሉ ትልልቅ መሣሪያዎች በተዘዋዋሪ ይጠቀሙበት ስለነበር በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች ቢልድ መሆን አቃታቸው። ኤንፒኤምም በሰዓታት ውስጥ ፓኬጁን ለመመለስ ተገደደ። ከቆሙት ፕሮጀክቶች የብዙዎቹ ባለቤቶች ሌፍት ፓድ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቁት በዚያ ቀን ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ዓላማቸው አንድ ነው፤ ወደ ሶፍትዌራችሁ የሚገባው ነገር የሚለወጠው እናንተ ስትወስኑ ብቻ እንዲሆን ማድረግ። የሚያስፈልጋችሁ ጊት ላይ ያለ ፕሮጀክት፣ ተርሚናል፣ ለመጀመሪያው ዙር ደግሞ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ነው። ምሳሌዎቹን በብዛት የወሰድኩት ከጃቫስክሪፕትና ከፓይተን ነው፤ በፒኤችፒ፣ በፍላተር ወይም በአንድሮይድ የምትሠሩም አካሄዱ ያው ነው፤ የሚለየው የትእዛዙ ስም ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ውስጥ ያለውን ዘርዝሩ

በመጀመሪያ ፕሮጀክታችሁ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚጠቀምባቸውን ፓኬጆች ሁሉ አውጡ። በጃቫስክሪፕት «ኤንፒኤም ኤልኤስ» የሚለውን ትእዛዝ «ኦል» ከሚለው ኦፕሽን ጋር ስጡ። በፓይተን «ፒፕ ፍሪዝ» ዝርዝሩን ይሰጣል፤ ማን ማንን እንዳመጣ ለማየት ግን «ፒፕዴፕትሪ» ይሻላል። በግሬድል «ዲፔንደንሲስ» የተባለው ታስክ፣ በኮምፖዘር ደግሞ «ሾው» ከ«ትሪ» ኦፕሽን ጋር ዛፉን ያሳያል። ራሳችሁ የጨመራችሁት 20 ፓኬጅ ከሥሩ ብዙ መቶዎችን ጎትቶ ቢመጣ አይግረማችሁ።

የተለመደው ስህተት በእጅ የተጻፈውን አጭር ዝርዝር አይቶ «የምንጠቀመው ይህን ብቻ ነው» ማለት ነው። አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው እርከን ነው። የማታውቁት ስም ካጋጠማችሁ «ኤንፒኤም ኤክስፕሌን» ብላችሁ ስሙን ጨምሩ፤ በየትኛው መንገድ እንደገባ ይነግራችኋል። ማንም የማይጠራው ፓኬጅ ካገኛችሁ አሁኑኑ አውጡት፤ የሌለ ፓኬጅ አይሰበርም፣ አይጠለፍም፣ አፕዴትም አይፈልግም።

ደረጃ 2፦ አዲስ ከመጨመራችሁ በፊት መርምሩ

አንድ ፓኬጅ ለመጨመር ሰከንዶች ይበቃሉ፤ አንዴ ከገባ በኋላ ለማውጣት ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከመጨመራችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ። ቋንቋው ራሱ ይህን አይሠራምን? ሌፍት ፓድ ይሠራው የነበረውን ዛሬ «ፓድስታርት» የተባለው የጃቫስክሪፕት የራሱ ፈንክሽን ይሠራዋል። ፓኬጁን ስንት ሰው ይጠብቀዋል? የተዘገቡ ችግሮች መልስ ያገኛሉ? ከራሱ ጋር ስንት ሌላ ፓኬጅ ይዞ ይመጣል? ላይሰንሱስ ሥራችሁን ይፈቅዳል? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ቡድኖች የሚያነሱት ደንበኛ ወይም ኦዲተር ሲጠይቃቸው ነው፤ ያን ጊዜ መቀየር ውድ ነው።

የስሙን አጻጻፍ ፊደል በፊደል አረጋግጡ። አጥቂዎች ከታዋቂ ፓኬጅ ስም አንድ ፊደል ብቻ የተለየ ስም አስመዝግበው ተሳስቶ የሚጽፍ ሰው ይጠብቃሉ። የኤአይ ረዳት የሰጣችሁን የፓኬጅ ስም ደግሞ መዝገቡ ላይ ሳታዩ ኢንስቶል አታድርጉ፤ እነዚህ ረዳቶች ጭራሽ የሌለ ስም ፈጥረው ይሰጣሉ፤ ያን ስም ቀድሞ የሚያስመዘግብ ክፉ ሰውም አይጠፋም።

የባለቤት ለውጥንም ንቁበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢቨንት ስትሪም የተባለውን ፓኬጅ ቀደም ሲል የጻፈው ሰው ጊዜ ስላጣ «ልርዳህ» ላለው ለማያውቀው ሰው አስረከበው። አዲሱ ተረካቢ ኮፔይ ከተባለ የቢትኮይን ዋሌት ገንዘብ ለመስረቅ የተጻፈ ኮድ በሌላ ትንሽ ፓኬጅ በኩል አስገባበት። ፓኬጁ ታዋቂ ነበር፤ በሳምንት ከሚሊዮን በላይ ጊዜ ይወርድ ነበር። የማውረድ ቁጥር ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም የምለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ ቨርዥኑን ቆልፉ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

የቨርዥን ቁጥር ሦስት ክፍል አለው። በ4.2.1 ላይ 4 የቆየውን ሊሰብር የሚችል ትልቅ ለውጥን፣ 2 አዲስ ነገር መጨመሩን፣ 1 ደግሞ ጥገናን ያመለክታል። ኤንፒኤም ፓኬጅ ሲጨምር በነባሪነት ከቁጥሩ ፊት የ^ ምልክት ያስቀምጣል። ^4.2.1 ማለት «ከ4.2.1 ጀምሮ ከ5.0.0 በታች የሆነ ሁሉ ይሁንልኝ» ማለት ነው። ~4.2.1 ጠበብ ይላል፤ ከ4.3.0 በታች ብቻ ይቀበላል። ጸሐፊው ቃሉን ከጠበቀ ይህ ምቹ ነው። ይሁን እንጂ ሰው ይሳሳታል፤ አንዳንዴም ሆን ብሎ ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 የከለርስና የፌከር ፓኬጆች ጸሐፊ ራሱ የገዛ ሥራውን አበላሽቶ አወጣ፤ ከለርስን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ማለቂያ በሌለው ሉፕ ውስጥ ገብተው ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ያትሙ ጀመር። የቆለፉት አልተነኩም፤ በሰፊ ክልል የጻፉት ግን በሚቀጥለው ቢልድ አገኙት።

መፍትሔው ሎክ ፋይል ነው። በእጅ የምትጽፉት ዝርዝር ለገበያ የሚላክ ሰው የሚይዘውን ወረቀት ይመስላል፤ ሎክ ፋይሉ ግን ደረሰኙ ነው፤ የተገዛውን በትክክል፣ በተዘዋዋሪ የመጣውንም ጭምር ይመዘግባል። በኤንፒኤም ፓኬጅ ሎክ፣ በኮምፖዘር ኮምፖዘር ሎክ፣ በፍላተር ፐብስፔክ ሎክ፣ በረስት ካርጎ ሎክ ይባላል። በፓይተን ፖኤትሪ ወይም ዩቪ የራሳቸውን ሎክ ፋይል ይጽፋሉ፤ በተራው ሪኳየርመንትስ ፋይል መቀጠል ለምትፈልጉ ደግሞ «ፒፕ ኮምፓይል» ሁሉንም ከነተዘዋዋሪው ዘርዝሮ ይሰጣችኋል። ሪኳየርመንትስ ውስጥ «ጃንጎ» ብሎ ስሙን ብቻ መጻፍ በእያንዳንዱ ኢንስቶል ሌላ ሶፍትዌር መቀበል ነው። በ== ምልክት ራሳችሁ የመረጣችኋቸውን ብቻ መቆለፍም አይበቃም፤ እነሱ የሚጎትቷቸው እንደተለቀቁ ይቀራሉና። ግሬድል በነባሪነት አይቆልፍም፤ ቢያንስ ቢያንስ በ+ ምልክት የሚያልቅ ቨርዥን አትጻፉ፣ ስናፕሾት የሚሉትንም ከመጨረሻው ቢልድ አርቁ።

ሎክ ፋይሉን ጊት ውስጥ አስገቡ። ጊትኢግኖር ውስጥ የጨመረው ሰው ካለ ፋይሉን ከዚያ አስወጡት። ቀጥሎ የሚመጣው ነጥብ የብዙ ሰው ጥፋት ነው፤ ሎክ ፋይሉ እያለ በተሳሳተው ትእዛዝ ኢንስቶል ማድረግ። «ኤንፒኤም ኢንስቶል» በእጅ የተጻፈው ዝርዝርና ሎክ ፋይሉ ካልተስማሙ ዝም ብሎ ሎክ ፋይሉን ይለውጣል። «ኤንፒኤም ሲአይ» ግን የቆየውን የሞጁሎች ፎልደር ሰርዞ ከሎክ ፋይሉ ብቻ ይጭናል፤ ሁለቱ ካልተስማሙም ስህተት ብሎ ይቆማል። በቢልድ ሰርቨር ላይ ሁለተኛውን ብቻ ተጠቀሙ። በኮምፖዘርም እንዲሁ ነው፤ ሰርቨር ላይ «ኮምፖዘር ኢንስቶል» እንጂ «ኮምፖዘር አፕዴት» አይሰጥም።

ሁለት ሰዎች ፓኬጅ ጨምረው ጊት ላይ ሎክ ፋይሉ ሲጋጭ ብዙዎች ፋይሉን ሰርዘው እንደ አዲስ ያመነጩታል። ይህን አታድርጉ፤ በአንድ ምት የሁሉንም ቨርዥን ልቅ ትለቃላችሁ። በመጀመሪያ በእጅ የተጻፈውን ዝርዝር አስታርቁ፣ ከዚያ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ብትሉ የተጋጨውን ሎክ ፋይል ራሱ ያስተካክለዋል።

ሌሎች የሚጠቀሙበት ላይብረሪ የምታሳትሙ ከሆነ ደንቡ ትንሽ ይለያል። ለተጠቃሚዎቻችሁ ሰፋ ያለ ክልል ተዉላቸው፤ ጥብቅ ቁልፍ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ለሚሠራው አፕሊኬሽን ነው።

ደረጃ 4፦ የወረደው ያው መሆኑን አረጋግጡ

የቨርዥን ቁጥር ስም ብቻ ነው፤ በዚያ ስም የተቀመጠው ፋይል ሊቀየር ይችላል። ሃሽ ግን ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ ቁጥር ስለሆነ አንድ ባይት ቢለወጥ ይለወጣል። የኤንፒኤም ሎክ ፋይል ሃሽ አብሮ ይመዘግባል። በፓይተን «ፒፕ ኮምፓይል»ን ሃሽ እንዲጽፍ አዝዙት፤ ኢንስቶል ስታደርጉም «ሪኳየር ሃሽስ» የሚለውን ኦፕሽን ጨምሩ። ግሬድል የማረጋገጫ ፋይል የማመንጨት ችሎታ አለው፤ ጎ ደግሞ «ጎ ሳም» በተባለው ፋይል ይህን ሳይጠየቅ ይሠራል።

ሃሹ አልተስማማም የሚል ስህተት ሲመጣ እጃችሁ ሃሹን እንደ አዲስ ወደማመንጨት እንዳይሮጥ። ቁሙና ምክንያቱን ፈልጉ። ካሽ ተበላሽቶ ወይም ማውረዱ መሃል ላይ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ ካሹን አጽድታችሁ ድጋሚ ሞክሩ። አሁንም ካልተስማማ ፋይሉ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ማን እንደቀየረው ሳይታወቅ ቢልዱ አይቀጥልም።

ሃሽ ግን ፋይሉ ያው መሆኑን እንጂ ደግ መሆኑን አይነግርም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 መጨረሻ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ኢንጂነር የኤስኤስኤች መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት ሲመረምር ኤክስዜድ ዩቲልስ በተባለው የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። ያስገባው ከሁለት ዓመት በላይ አብሮ እየሠራ አመኔታ ያገኘ ተባባሪ ጠባቂ ነበር። ፋይሉ የወጣው በትክክለኛው መንገድ ነው፤ ሃሹም ይስማማል። እንዲህ ያለውን አደጋ ለመቀነስ ደረጃ 7 ይረዳል።

ደረጃ 5፦ መሣሪያዎቹንም ቆልፉ

ላይብረሪው ተቆልፎ ኮምፓይለሩ ከተለቀቀ ሥራው ግማሽ ነው። የኖድን ቨርዥን በ«ኤንቪኤም» ፋይል፣ የፓይተንን በራሱ የቨርዥን ፋይል ጻፉና ጊት ውስጥ አስገቡ። አንድሮይድ ላይ ግሬድል ራፐርን ተጠቀሙ። ዶከር ላይ «ሌትስት» የሚለውን ታግ ከቢልድ ፋይላችሁ አውጡ፤ ዛሬና የዛሬ ወር አንድ ዓይነት ምስል አይሰጥም። የቨርዥን ቁጥር ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ምስሉን በሻ-256 ዳይጀስቱ መጥራት ነው።

ጊትሃብ አክሽንስ የምትጠቀሙ ሰዎች የሌሎችን አክሽን በታግ ሳይሆን በሙሉ የኮሚት ሃሽ ጥሩ። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ቲጄ አክሽንስ ከተባለው ስብስብ «ቼንጅድ ፋይልስ» የተባለው አክሽን ተጠልፎ ታጎቹ ወደ ክፉ ኮሚት ዞሩ፤ የቢልድ ሰርቨሮች ሚስጥራዊ ቁልፎችም ሎግ ላይ ታተሙ። በኮሚት ሃሽ የጠሩት ታጉ ቢዞርም አልተነኩም።

ደረጃ 6፦ የራሳችሁን ቅጂ አስቀምጡ

ሎክ ፋይል ምን እንደሚያስፈልጋችሁ ያስታውሳል እንጂ ዕቃውን አይዝም። ዕቃው የሚገኝበት ቦታ ሊዘጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ጄፍሮግ ጄሴንተር የተባለውን የጃቫና የአንድሮይድ ላይብረሪዎች ማከማቻ እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ ብዙ የአንድሮይድ ፕሮጀክቶች ወደ ሜቨን ሴንትራል መሰደድ ነበረባቸው፤ ወዲያ ያልተዛወሩ ላይብረሪዎችም ነበሩ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለምንሠራ ሌላም ምክንያት አለን። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ቢልዳቸው ኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ቡድኖች ኮዳቸው እጃቸው ላይ እያለ አዲስ ማሽን ላይ መሥራት አይችሉም ነበር። ያን ያህል ባይደርስም መስመር ሲደክም፣ ዳታ በጥቅል እየተገዛ ሲሠራ፣ አምስት ሰው ያንኑ ፓኬጅ አምስት ጊዜ ማውረዱ ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል።

ለአንድ ቡድን የሚመቸው መፍትሔ ቢሮ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ መካከለኛ ማከማቻ መትከል ነው። ለኤንፒኤም ቨርዳቺዮ፣ ለፓይተን ዴቭፒአይ፣ ብዙ ቋንቋ ለሚጠቀሙ ደግሞ ኔክሰስ አለ። አንድ ፓኬጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ ከውጭ አምጥቶ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ለሁሉም ከውስጥ ያድላል። የሚያስፈልገው በቂ ዲስክና ባክአፕ ነው፤ ባክአፑን አትርሱ፣ ዲስኩ ከሞተ ቅጂው አብሮ ይሞታል።

ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ «ፒፕ ዳውንሎድ» የሚያስፈልገውን ሁሉ ወደ አንድ ፎልደር ያወርድላችኋል፤ በኋላ ፒፕ ከዚያ ፎልደር ብቻ እንዲጭን ማዘዝ ይቻላል። እዚህ ላይ ሰዎች የሚወድቁበት ነገር አለ። ብዙ የፓይተን ፓኬጆች ለየኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተለይተው ይዘጋጃሉ። ዊንዶውስ ላይ ያወረዳችሁት ሊነክስ ሰርቨር ላይ አይጫንም። ሲወርድ ለየትኛው ፕላትፎርምና ለየትኛው የፓይተን ቨርዥን እንደሆነ ግለጹ፤ ወይም ማውረዱን እዚያው ሊነክስ ላይ፣ ለምሳሌ በዶከር ውስጥ፣ ሥሩ። በጎ «ሞድ ቬንደር» የሚለው ትእዛዝ የላይብረሪዎቹን ኮድ ከፕሮጀክቱ ጋር ያስቀምጣል።

የድርጅታችሁ ብቻ የሆኑ የውስጥ ፓኬጆች ካሏችሁ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 አሌክስ ቢርሳን የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ የትልልቅ ኩባንያዎችን የውስጥ ፓኬጅ ስሞች ሰብስቦ በዚያው ስም ከፍ ያለ ቁጥር ያላቸውን ፓኬጆች በይፋዊ መዝገቦች ላይ አወጣ። አፕልን፣ ማይክሮሶፍትንና ፔይፓልን ጨምሮ ከ35 በላይ በሚሆኑ ድርጅቶች ውስጥ የእሱ ኮድ ገብቶ ሠራ። ፒፕ «ኤክስትራ ኢንዴክስ ዩአርኤል» በሚለው ኦፕሽን ሁለት ምንጭ ሲሰጠው የውስጡን አያስቀድምም፤ ከሁለቱም አይቶ ከፍተኛውን ቁጥር ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ምንጭ ብቻ፣ እሱም የራሳችሁን ማከማቻ፣ ስጡት። በኤንፒኤም የውስጥ ፓኬጆችን ሁሉ በድርጅቱ ስኮፕ ሥር ሰይሙ፤ ስኮፑንም በይፋዊው መዝገብ ላይ አስመዝግቡት።

ደረጃ 7፦ አፕዴትን በፕሮግራም አድርጉ

ቆልፎ መርሳት ሌላው ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሎግ ፎር ጄ የተባለው የጃቫ ላይብረሪ ቀዳዳ ይፋ ሲሆን አጥቂ አንድ መስመር ጽሑፍ ሎግ እንዲደረግ በማድረግ ብቻ ሰርቨር መቆጣጠር ይችል ነበር። በዚያ ሳምንት ብዙ ቡድኖችን ያስጨነቃቸው ጥያቄ «እኛ ጋ አለ ወይ?» የሚል ነበር፤ ላይብረሪው በሌሎች ሥር ተደብቆ ይገባ ነበርና። የደረጃ 1 ዝርዝርና የደረጃ 3 ሎክ ፋይል ያላቸው በአንድ ፍለጋ ይመልሱታል።

በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ቀን መድቡ። ዲፔንዳቦት ወይም ሪኖቬት አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ራሳቸው የለውጥ ጥያቄ ይከፍታሉ። ትልቅ የቁጥር ለውጥ ያለውን ለብቻው፣ በተለየ ኮሚት ተቀበሉ፤ ነገር ከተበላሸ አንዱን መመለስ ቀላል ይሆናል። የለውጥ ማስታወሻውን አንብቡ፣ ቴስቱን አስኪዱ። ቴስት የሌለው ፕሮጀክት አፕዴትን ሁልጊዜ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ልክ ነው።

አዲስ የወጣን ቨርዥን በወጣበት ቀን አትቀበሉ፤ ጥቂት ቀናት ይቆይ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ቾክና ዲበግ የተባሉትን ጨምሮ እጅግ የታወቁ የኤንፒኤም ፓኬጆች ጠባቂ ከኤንፒኤም የመጣ በሚመስል ሐሰተኛ ኢሜይል ተታሎ አካውንቱን ተነጠቀ፤ ክፉዎቹ ቨርዥኖች ግን በሰዓታት ውስጥ ተገኝተው ተነሡ። አንድ ሳምንት የሚጠብቅ ቡድን ጉዳዩን በዜና ብቻ ይሰማዋል። ሪኖቬትም ዲፔንዳቦትም ይህን የመቆያ ጊዜ በሴቲንግ ይቀበላሉ። የታወቀ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን ጥገና ከዚህ ደንብ ውጭ ነው፤ እሱን በዚያው ቀን ተመልክታችሁ አስገቡ። ቀዳዳዎችን ለማወቅ «ኤንፒኤም ኦዲት» ወይም «ፒፕ ኦዲት»ን በየቀኑ ቢልድ ሰርቨር ላይ አስኪዱ። «ኦዲት ፊክስ»ን ከ«ፎርስ» ጋር ማዘዝ ግን የቆየውን የሚሰብሩ ትልልቅ ለውጦችን ሳይጠይቅ ያስገባል፤ ሳታዩ አትጠቀሙበት።

በዚሁ አጋጣሚ፣ አንዳንድ የኤንፒኤም ፓኬጆች ኢንስቶል ሲደረጉ የራሳቸውን ስክሪፕት ያስኬዳሉ። ቢልድ ሰርቨር ላይ «ኢግኖር ስክሪፕትስ» የሚለውን ኦፕሽን ሞክሩ፤ ከምር የሚያስፈልጋቸውን ጥቂቶች ለይታችሁ ፍቀዱ። የሰርቨር የይለፍ ቃላትና ቶክኖችም ኢንስቶል በሚደረግበት ጊዜ እዚያ አይገኙ።

ደረጃ 8፦ በባዶ ማሽን ላይ ፈትኑ

የእናንተ ላፕቶፕ ለዓመታት በተጠራቀመ ካሽና በተረሳ ኢንስቶል የተሞላ ስለሆነ ሐቁን አይናገርም። ንጹሕ ዶከር ኮንቴነር ክፈቱ፤ ፕሮጀክቱን ከጊት አዲስ ክሎን አድርጉ፤ የማከማቻችሁን አድራሻ ብቻ ስጡትና ቢልድ አድርጉ። ሲሳካ ከባዱን ፈተና ስጡት፤ የወረዱትን ፓኬጆች ፎልደር ብቻ አስገብታችሁ ኔትወርኩን በ«ኔትወርክ ነን» ኦፕሽን ዝጉበት። ኔትወርክ ሳይኖር ከተሳካ ሁሉም ዕቃ እጃችሁ ላይ ነው። ካልተሳካ የስህተቱ መልእክት ከየት ምን ሊያወርድ እንደሞከረ በስም ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በኢንስቶል ስክሪፕት የሚወርድ ባይነሪ፣ ከሲዲኤን የሚጠራ ፎንት ወይም ሰው ቢልድ ፋይል ውስጥ ረስቶት የሄደ የ«ከርል» መስመር ነው። ያን ወደ ማከማቻችሁ አምጡት፣ ሃሹን መዝግቡ፣ ድጋሚ ሞክሩ።

ይህን ፈተና በየወሩ ቢልድ ሰርቨር ራሱ እንዲያስኬደው ቀጠሮ አስይዙለት፤ ሲወድቅ ለአንድ በስም ለታወቀ ሰው መልእክት ይድረሰው። «ለቡድኑ» የሚላክ የስህተት መልእክት የሚያነበው የለም።